በራዲዮው ፊት የነበረችኝ በርጩማ

እዚህ ኖርዌይ ብርዱ የሚገባው እኛ ዘንድ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ነው። ልጄ ነጂብ ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመጀመሪያ ቀን ሲያበራው፣ በጋውን ሁሉ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ይጠበስና ቤቱን ደረቅ፣ ሰም ሰም የሚል ሽታ ይሞላዋል። ምራቴ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ትከፍታለች። እኔ መስገጃዬን ወደ ማሞቂያው አስጠግቼ፣ ዙህሬን ሰግጄ፣ ሙስበሃ መቁጠሪያዬን እንደያዝኩ እዚያው እቀራለሁ። እማን በርዷት ነው ይላሉ። አላርማቸውም። የሚሸተኝ የአሮጌ ራዲዮ ሆድ ነው። ያኔ ራዲዮ ማለት አነስተኛ ሣጥን የሚያህል የእንጨት ዕቃ ነበር፤ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቫልቮች ተደርድረውበት፣ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። ቫልቮቹ ቀስ ብለው እንደ ፍም እስኪቀሉ፣ አቧራውም ሞቆ እስኪሸት ይጠበቃል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጅማ ትመጣለች። ጅማ ስትመጣ ስንዱ ትመጣለች። ስንዱ ስትመጣ፣ አስተግፊሩላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ያ የድሮው ነገር ሆዴ ውስጥ ተነሥቶ ይቀመጣል። ቅናት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሱቃችን ሂርማታ፣ ከገበያው ወደ አዌቱ ወንዝ ሲወረድ በስተግራ ካሉት የእንጨት ቤቶች አንዷ ነበረች። ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚታደልበት፣ እሑድ እሑድ ለስብሰባ የምንጠራበት፣ ሰዓት እላፊ የሚባል ነገር ያለበት ዘመን ነበር። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አምታታዋለሁ። ሻይ በስሙኒ እንደነበር፣ ብርቱካን በአሥር ሳንቲም ሦስት ይሰጡን እንደነበር ግን አልረሳም። ለዒድ የተገዛልኝን አረንጓዴ የናይለን ሻሽም አልረሳም፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር ነበረው፣ አምስት ዓመት አሰርኩት። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ የእግሩ ስፋት መንገድ የሚጠርግ፣ በጅማ ጭቃ እስከ ጉልበት የሚቡካ። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ጠዋት ማርሽ ያሰማል፣ ከሰዓት በኋላ የክራር ዘፈን፣ ማታ ማታ ባለቤቱ ደስ ካለው መንዙማ። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡት የቡና መኪናዎች ሲያልፉ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ቫልቮች በሙሉ ይንቀጠቀጡ ነበር። ቡና የተሸጠ ጊዜ ገበሬው ራዲዮ ይገዛል፤ ክረምት ሲሆን እርጥበቱ ይገባበትና ያንኑ ራዲዮ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፎ ወደኛ ያመጣዋል።

ባለቤቴን ሸምሱን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ የነጂብ አባት ነበር የምለው። ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ አርመን ነው። ራዲዮ ሲመጣለት መጀመሪያ ጀርባውን ከፍቶ ያሸተዋል። ከዚያ በእርሳስ ጫፍ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ይመታል፤ የታመመው ሲነካ ራዲዮው ይንኮሻኮሻል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ማስተካከሉ ነበር። ከቫልቮቹ አጠገብ የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ የአሉሚንየም ጣሳዎች አሉ። በየጣሳው ውስጥ እንደ ብሎን እየዞረ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጥቁር ፍሬ አለ። ፍሬዎቹ ሁሉ ባንድ ልብ ሲሆኑ ጣቢያው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አንዱ ካፈነገጠ ራዲዮው ይደክማል፣ ሁለት ጣቢያ ባንድ አፍ ያወራል። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ያላቸው ሱቆች አዲስ አበባ አሉ ይባል ነበር። የኛ ሱቅ መሣሪያ አልነበራትም፤ ጆሮ ነበራት። ብሎኖቹ ከጀርባ ናቸው፣ ድምፁ ከፊት ነው። ስለዚህ የነጂብ አባት ከኋላ አጎንብሶ፣ ብረት ሲጠጋው ድምፁ ስለሚዛባ ከቡና እንጨት በጠረባት ካቻቢቴ፣ በፀጉር ስፋት በፀጉር ስፋት ያዞራል። ሌላ ሰው ደግሞ ከፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የሚመረጠው ደካማ ጣቢያ ነው። ጠንካራ ጣቢያ ያታልላል፤ ብታዞረውም ባታዞረውም እኩል ይጮሃል።

ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ከተጋባን በሦስተኛው ወር ነው በርጩማዋ ላይ ያስቀመጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ቆይ፣ ቀነሰ፣ መልስ እያልኩ እመራዋለሁ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ገኤ እላለሁ፤ በኦሮምኛ ደረሰ፣ በቃ ማለት ነው። እሱም ብሎኑ እንዳይንቀሳቀስ የሻማ ሰም ጠብ ያደርግበታል። የነጂብ አባት ቃል የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ወድጄሻለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ነገር ግን ገኤ ካልኩ በኋላ ከራዲዮው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ ያየኝ ነበር። ያቺ አስተያየት ለእኔ ብቻ ነበረች። ሌላ ሴት ወርቅ ነበራት፣ እኔ ያቺ ነበረችኝ።

ስንዱ የመጣችው በአንድ ሐሙስ ነው። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ፣ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ናት፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ተወልዳ ያደገችው አስመራ ነው። በየሁለት ሐሙሱ መድኃኒት ለመረከብ ጅማ ትመጣለች። አባቷ የተዉላትን ራዲዮ ከሰቃ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር ያመጣችው። ጥያቄዋ አንድ ነበር። "ጋሽ ሸምሱ፣ ማታ ማታ አስመራ ጫፍ ላይ ትመጣና ትጠፋብኛለች። እናቴ እዚያ ናት። ንግግሩን ባልሰማ እንኳን ድምፁን ብሰማ ይበቃኛል፤ እሱን ያስተካክሉልኝ።" እኔ ያን ሳምንት ወባ ጥሎኝ ነበር። የሚያዳምጥ ሰው ሲጠፋ፣ የራዲዮው ባለቤት ራሷ ትቀመጥ ተባለና ተቀመጠች። ጓዳ ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ጩኸት ነው፤ ከዚያ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ፤ ከዚያ ከዝናቡ ሥር አንድ የሰው ድምፅ ብቅ አለ። እኔ ብሆን እዚያ ላይ ገኤ እል ነበር። እሷ አላለችም። ትንሽ ይቀራል አለች። ገና ነው አለች። ሦስቴ ገና ነው አለች። ከዚያ ዝናቡ ድንገት ተገለጠና ሰውየው ጓዳዬ ውስጥ ገብቶ እንደሚያወራ ሆነ።

ማታ የነጂብ አባት ኪኒኔን በውሃ ሲሰጠኝ፣ "ያቺ ልጅ ጆሮ አላት" አለ። ይቺው ናት። ከዚህ በላይ አላለም። እኔ ግን ኪኒኑን ሳይሆን ቃሉን ነው የዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አልነበረችም። አጭር፣ ጠቆር ያለች፣ ጥርሷ ፈንጠር ፈንጠር ያለ ልጅ ናት። ሳቋ ግን ጥሩ ነው። ነጭ ሸራ ጫማ ታደርጋለች፤ በዚያ ጭቃ መሀል እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚቀር አላህ ነው የሚያውቀው። ለእኔም ክብር አጓድላብኝ አታውቅም፤ እትዬ ዘሃራ ትለኛለች፣ ለነጂብ ከክሊኒኩ ቪታሚን ታመጣለታለች። ከወባው ስነሣ በርጩማዬ የኔ አልነበረችም። ማለት፣ ሌላው ቀን የኔ ናት። ሐሙስ ግን የሷ ናት፤ የነጂብ አባት ከባድ ከባዱን ራዲዮ ሁሉ ለሐሙስ ያቆይ ጀመር። ስንዱ መድኃኒቷን ተረክባ መኪናዋ እስኪሞላ ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። እኔ በጓዳው በር ላይ ነጂብን ታቅፌ ቆሜ ነበር የምሰማው። ደረሰ ስትል ከራዲዮው ጀርባ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። በየጊዜው አየዋለሁ። ያቺው አስተያየት ናት። በመካከላቸው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ወላሂ አልነበረም፣ ያኔም አውቀዋለሁ። ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ለሽማግሌ እከስ ነበር። ገኤ ማለትን ወሰደችብኝ ተብሎ ለማን ይከሰሳል?

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ከድጃ አፏ ማረፊያ የለውም። አንድ ሐሙስ በመርፌዋ ላይ እንዳጎነበሰች፣ "አንቺ ዘሃራ፣ ባልሽ ለቤት አንድ ለሱቅ አንድ ነው እንዴ የሚይዘው?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ገብቼ ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት አድርጌ ሳለሁ ጆሮዬ ወደ ሱቁ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰላት ተቀባይነት እንደሌለው አውቃለሁ።

የነጂብ አባት የሚጠላው አንድ ነገር ነበር። ሰው ራዲዮውን በራሱ ከፍቶ የጣሳዎቹን ብሎን የነካ እንደሆነ ፊቱ ይለወጣል። ከሰርቦ የመጡ አንድ ሐጂ፣ "ብሎኖቹ ሁሉ ላልተው አገኘኋቸው፤ አንተ እንዳትደክም አጥብቄልሃለሁ" ብለው በኩራት ራዲዮአቸውን አስረከቡት። ያን ቀን ምሳ አልበላም። በአንድ ደቂቃ የተጠበቀውን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ሰም የተሰበረበት ራዲዮ ከመጣለት አልሠራም ብሎ ይመልሳል፣ ባለቤቱንም ዳግመኛ አያስገባውም። ይህን አውቅ ነበር። ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በአንድ ሐሙስ ስንዱ ያንኑ የአባቷን ራዲዮ መልሳ አመጣችው፤ ሲሞቅ ይንኮሻኮሻል አለች። ከተማው መብራት የለውም ነበር፤ እስከ እሑድ አልመጣም። የነጂብ አባት ጀርባውን እንኳን ሳይከፍት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። እሱ ነጂብን ይዞ ወደ መስጊድ ሄደ። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ ይዤ ወደ ሱቁ ወጣሁ። ሳላስብ አደረግኩት ብል ውሸት ነው። ከፈትኩት፤ ሰሙን በቢላው ጫፍ ፈቀፈቅኩ፤ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ፣ ላይም ታችም፣ እስከሚሄዱ ድረስ አጠበቅኳቸው። የመጨረሻው እንቢ ሲለኝ ገፋሁት፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ተሰነጠቀ፣ ድምፁ በእጄ ተሰማኝ። ቢላው አመለጠኝና የግራ ጣቴን ቆረጠው። ጣቴን በሻሼ ጫፍ ይዤ፣ ጀርባውን መልሼ ገጥሜ ገባሁ። ወጥ ጣድኩ። የሚገርመኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

መብራት ሲመጣ የነጂብ አባት ራዲዮውን ከፈተው። ፍም ሆኖ ቀላ፣ ሸተተ፣ ምንም አላለም። ፉጨት ብቻ። ጀርባውን ከፍቶ ሰሙን አየ። ስንዱ ናት አለ። መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። እኔ ጣቴን በሻሼ ሸፍኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱ እንደተለወጠ ቆየ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በርጩማዋ ላይ እኔ ነበርኩ። ጣቴ ግን መገለ።

ስንዱ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ጣቴን ነው። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ሽንኩርት ስከትፍ አልኳት። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በዚያችው በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና ከመድኃኒት ሣጥኗ ጥጥና ፋሻ አውጥታ ታጥብልኝ ጀመር። እጇ ቀላል ነው፤ አላመመኝም። የነጂብ አባት ያኔ ራዲዮውን ጀርባውን ገልጦ ከፊቷ አኖረው።

"ስንዱ፣ ይህን ከሌላ ሰው ብጠብቅ ካንቺ አልጠብቅም ነበር። ማን ነው ያጠበቃቸው?"

አየችው። ጣሳዎቹ ላይ የቢላው ጭረት አለ። በአንደኛው ክዳን ላይ፣ እኔ ሳላይ የቀረች የደረቀች የደም ጠብታ አለች። ስንዱ ሥራዋ ደም ነው። ጠብታዋን አየች፤ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ጣቴን አየች። ወደ ፊቴ አላየችም። ልትናገር ነው፣ በቃ፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ወጣሁ አልኩ። እሷ የፋሻውን ጫፍ በጥርሷ ቀደደችና፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች፣

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሸምሱ። የላሉ መስሎኝ ነው" አለች።

የነጂብ አባት የራዲዮውን ጀርባ መልሶ ገጠመው። ሌላ ሰው ቢሆን ራዲዮውን አስታቅፎ ይሸኘው ነበር፤ ለእሷ ግን እሠራዋለሁ አለ፤ ያም አቃጠለኝ። የተሰነጠቀውን ፍሬ ከአንድ ወዳቂ ራዲዮ አውጥቶ ተካ። ሌላው ሁለት ሳምንት አለፈና ስንዱ ልትወስደው ስትመጣ ለማስተካከል ተቀመጥን፤ ሰዓቱ ወደ መግሪብ ተጠግቷል፣ አስመራ የምትመጣበት ሰዓት ነው። በርጩማዋ ላይ እኔ ነኝ። ስንዱ ከኋላዬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የነጂብ አባት ማዞር ጀመረ። ጨመረ፣ ጨመረ እላለሁ። ዝናቡ መጣ፤ ከሥሩ ሰውየው ብቅ አለ። እኔ የምሰማው እስከዚያ ነው። ከዚያ በላይ እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ ጓዳ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ። ገና ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ገና ነው ብል፣ የት እንደሚያልቅ ባላውቀው፣ ጆሮዬ የሷን እንደማያህል እዚያው ይታወቅብኛል። ገኤ አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ። እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ እኔን አልፎ ወደ በሩ፣ ወደ እሷ አየ።

ስንዱ፣ "እትዬ ዘሃራ ካለች ደርሷል" አለች።

ሰሙን ጠብ አደረገበት። አንገቱን ብቅ አድርጎ አላየኝም። ዕቃውን ሰበሰበ። እሷ ራዲዮዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አመስግና፣ ወደ መኪናዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለመድኃኒት ስትመጣ ከደጅ ሰላም ብላን ታልፋለች። በርጩማዋ ሐሙስም እሑድም የኔ ሆነች። ትራንዚስተር መጥቶ የቫልቭ ራዲዮ እስኪጠፋ ድረስ ተቀመጥኩባት፤ የነጂብ አባት ግን እርግጠኛ ነሽ ማለቱን አልተወም። በየራዲዮው፣ በየገኤው። ክፉ አልነበረም፤ መጠየቁን ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

አሁን ነጂብ በስልኩ የፈለግኩትን አገር ራዲዮ ይከፍትልኛል። ጅማ በይ ጅማ፣ አስመራ በይ አስመራ። ዝናብ የለው፣ ፉጨት የለው። ምን ጎደለሽ ይለኛል። ከራስ አገር የሚመጣ ድምፅ ሩቅ ካልሆነ ሩቅ ያለሁ አይመስለኝም ስለው ይስቅብኛል። ስንዱ ያን ጊዜ የፈለገችው ምን እንደነበረ የገባኝ እዚህ መጥቼ ነው። ያኔ ግን ያለችውን ሰምቼ አልሰማሁም። እኔ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

የነጂብ አባት፣ አላህ ይዘንለት፣ ከሞተ በኋላ ነው ሰቃ የሄድኩት። ወደዚህ አገር ልመጣ ቀኔ ተቆርጦ ነበር። በኛ ሃይማኖት በአንተና በአላህ መካከል ያለውን በደል ተውበት፣ ንስሐ ማለት ነው፣ ያጥበዋል፤ የሰው ሐቅ ግን ሰውየው ራሱ አውፍ፣ ይቅር ካላለ አይነሣም። ያን ጭኜ አውሮፕላን ላይ መውጣት ፈራሁ። ስንዱ ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጫማዋ ያው ነጭ። ራዲዮው ጠረጴዛ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። አስመራ ይገባል ወይ አልኳት። "ሲፈልግ" አለች። "ሌላው ጣቢያ ላዩ ላይ ይጮሃል፤ እኔ ግን ከሥሩ መስማቱን ለምጄዋለሁ።" እናቷ ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ቃል ለባሌ ብትናገር ኖሮ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አዳመጠችው።

እንባዬ መጣ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። "ስንዱ፣ ማሎ፣ እባክሽ አውፍ በይኝ፤ ያን ራዲዮ..." አልኳት።

"ምኑን ነው የምልሽ እትዬ ዘሃራ?" አለች። "ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልነገርኳችሁም?"

እያየችኝ ነበር። ጥርሷ ፈንጠር ፈንጠር እንዳለ፣ በዚያ ጥሩ ሳቋ። ደግሜ ልናገር ስል ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች። ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴ ወሬ ለወጠችብኝ። አዝናልኝ ይሁን፣ በሩን ዘግታብኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። መኪና ድረስ ሸኘችኝ። በመንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ፣ የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ናት፣ ያን ጊዜ ራዲዮዬን ያስተካከለችልኝ እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር።

አምና ማረፏን ሰማሁ። በየሰላቱ ኋላ ዱዓ ሳደርግ ስሟን አስቀድማለሁ። በጆሮዋ መቅናቱን ከተውኩ ቆየሁ፤ ጆሮ ያረጃል፣ የኔም አርጅቷል። አሁን የምቀናባት በዚያች "እኔ ነኝ" በምትል ቃል ነው። የመናገሩ ተራ የእኔ ነበር። ሁለት ጊዜ ተሰጥቶኝ ሁለቱንም ጊዜ እሷ ቀድማኝ አለችው።